ለአቶ ገበየሁ ብቻ የነገርኩት መልስ

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል የኛ ሰው። በዚያ ኅዳር እኔ ላይ ሁለቱም ነበሩብኝ። ሳሉን የዴንቨር ብርድ ነው የሰጠኝ፤ ሽሮፕ ጠጥቼ ለቀቀኝ። ቂሙ ግን የሠላሳ ዓመት ነው። እንደ ልጅ አሳድጌ፣ በሱዳን በኩል አሻግሬ፣ ኮሎራዶ ድረስ ያመጣሁት ነው። በየኬላው ሻንጣዬን ሲበረብሩ እሱን ያየብኝ የለም። የማጫውታችሁ ያንን ቂም በአንድ ሐሙስ ጠዋት ሥራ ላስይዘው ስሞክር የደረሰብኝን ነው። ጀግና ፍለጋ የመጣ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይሰናበት፤ እዚህ ውስጥ ጀግና የለም። አንድ ሞኝ አለ፣ እሱም ጸሐፊው ነው።

ዘመኑ ኮሎራዶ ውስጥ ለብዙ ዓመት የቆየው ገቨርነር፣ የግዛቱ ገዢ ማለት ነው፣ ሊሰናበት፣ አዲስ ሊመረጥ የተቃረበበት ነበር። እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ። ኦሮራ፣ ሃቫና ጎዳና አካባቢ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። ሚስት የለኝም፤ የሌለኝም በምክንያት ነው፣ እደርስበታለሁ። አዘቦቱን ሻንጣ እየጫንኩ ሬዲዮ እሰማለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን መምህር ነበርኩ።

እንዴት መሰላችሁ፤ ያኔ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። ለዜግነት ኢንተርቪው የተጠራ ሰው ከኢሚግሬሽን ቢሮ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወደ ብርክቲ ሱቅ ይመጣል። ብርክቲ አሥመራ ተወልዳ በአማርኛ የተማረች፣ በርበሬና የስልክ ካርድ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከበርበሬው የባሰ ሴት ናት። ከሱቋ ጀርባ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበሮች ያሏት ክፍል አለች። ተፈታኙ እዚያ ይቀመጥና የተጠየቀውን ሳይረሳ ይናዘዛል፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። የሚቀጥለው ተፈታኝ ከደብተሩ ያጠናል። ባንዲራው ላይ ስንት ኮከብ አለ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነበር የሚሉትን ማንም መጻፍ ይችላል፤ አይለወጡም። የሚለወጡት፣ ወቅታዊ ጉዳይ የምንላቸው፣ ገቨርነሩ ማን ነው፣ ከንቲባው ማን ነው፣ ሴናተሮቹ እነማን ናቸው የሚሉት ግን የኔ ድርሻ ነበሩ። በዜና ማንም አይቀድመኝም ነበር።

«አንተስ ዜግነቱን መቼ ወሰድክ?» ትሉኝ ይሆናል። አልወሰድኩም ነበር። ሌላውን እያሻገርኩ እኔ እንደ ታንኳ ቀዛፊ ወንዙ ላይ ቀርቻለሁ። ማመልከቻውን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስቴም መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ፈተና እፈራለሁ። ምክንያቱም አንድ ሰው ነው።

ሃያ አራት ዓመቴ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ባንክ ጸሐፊ ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ተፈታኙ እንደ አሸዋ፣ ቦታው እንደ ጣት ነበር። ሒሳቡን አልፈራሁም። ያስፈራኝ «ጠቅላላ ዕውቀትና ወቅታዊ ጉዳይ» የሚሉት ነው። አራት ወር አጠናሁ። ሬዲዮ ስላልነበረኝ የጎረቤት መስኮት ሥር ቆሜ አዳመጥኩ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አነበብኩ። ሚኒስትሮቹን ከነአባታቸው እንደ ዳዊት እደግማቸው ነበር። ጽጌ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። አባቷ «ባንክ ግባና ውሰዳት» ብለውኛል። የጽሑፉን ፈተና ሁለተኛ ወጣሁ። የቀረኝ የቃል ብቻ ነበር።

የቃሉ ዕለት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ተሰልፌ አረፈድኩ። ተራዬ ደርሶ ስገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። መሐል ያለው ካኪ ለብሷል፤ ገበየሁ ይባላል፣ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነው። (በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ «እሳቸው» ልለው ይገባኝ ነበር። ፊት ለፊት እላለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው፤ ይቺን እንኳን ልወጣባት።)

የአንድ ሚኒስትር ስም ጠየቀኝ። ከነአባቱ፣ ከነማዕረጉ አንበለበልኩለት። ሦስቱም ተያዩ። ገበየሁ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ ሰውዬው እኮ ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ዜና ተሽሯል። አንተ የት ነበርክ?»

«ሰልፍ ላይ።»

ቀይ እስክሪብቶ አነሳና እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፦ «ንቃት የለውም።»

ለዛሬ ወጣቶች ይህ ስድብ እንኳን አይመስል ይሆናል። በዚያን ጊዜ ግን ማኅተም ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት መሥሪያ ቤት አመለከትኩ፤ ሁለቱም ከባንኩ ወረቀቴን አስመጡ፣ ሁለቱም አባረሩኝ። የጽጌ አባት ቃላቸውን አከበሩ፤ ልጃቸውን ባንክ ለገባ ሰው ዳሩ። እኔ የጭነት መኪና ረዳት ሆኜ ወደ ጠረፍ ወጣሁ፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከዚያ ዴንቨር። ማንንም በትዳር ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም፤ እሱም ፈተና አይደል?

እንግዲህ በዚያ ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ ብርክቲ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ይዛ ወደ ጀርባ ክፍሏ ገባች።

«ጋሽ ተሰማ፣ አዲስ ተማሪ አመጣሁልህ። አቶ ገበየሁ ይባላሉ። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ከእህታቸው ልጅ ጋር ነው የሚኖሩት። ኢንተርቪው ደርሶባቸዋል፣ እንግሊዝኛውም ትንሽ ያስቸግራቸዋል።»

በስሙ ልቤ ደንገጥ አለ። ገበየሁ የሚባል ሞልቷል ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። ሰውዬው ተቀመጠ፣ ደብተሬን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፣ በጣቱ መስመሩን እየተከተለ ካነበበ በኋላ ቀና አለና፦

«ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ በቃል ነው የሚጠና?» አለኝ።

ያቺ «ወንድሜ»! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ የተኛች ድምፅ ናት። ፀጉሩ አልቋል፣ ካኪው የለም፣ ጉንጩ ተንጠልጥሏል፤ ድምፁ ግን አንድ ቀን አላረጀም። እኔን አላወቀኝም። ብርክቲ ያቀረበችለትን ሻይ እያማሰለ ስለራሱ አወራ። ሚስቱ አዲስ አበባ ቀርታለች። እሱ በስደት ሲመጣ እናቷን ስታስታምም ተከትላው የምትመጣበት ወረቀት ጊዜው አልፎባታል። ዜግነት ካገኘ ቶሎ ያመጣታል፤ ካላገኘ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እግዜር ይወቅ።

«ስድስት ዓመት ሆነን ከተለያየን» አለ።

እኔ ደግሞ በሆዴ፦ «እኔን ሠላሳ» አልኩ።

እዚያው ወንበር ላይ ወሰንኩ። ሚስት አሳጥቶኛል፤ ሚስቱን አስጠብቀዋለሁ። ሌላ ፍርድ ቤት አያስፈልገኝም።

«እርስዎን ከሌሎቹ ጋር አላስጠናዎትም፤ ለብቻ ነው» አልኩት በትሕትና። «ቅዳሜ ጠዋት በመኪናዬ ቤትዎ ድረስ እመጣለሁ።»

«እግዜር ይስጥህ። እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬም አለ?» አለ ለብርክቲ።

ብርክቲ ትክ ብላ አየችኝ። «ጋሽ ተሰማ፣ እኔን እኮ አንድ ቀን እንኳን እስከ ፖስታ ቤት ወስደኸኝ አታውቅም።»

ስድስት ቅዳሜ መኪናዬን ከእህቱ ልጅ ቤት ፊት ለፊት ፓርክ አደርግና እዚያው ተቀምጠን አስጠናዋለሁ። አብዛኛውን በትክክል ነገርኩት፤ ሙሉ በሙሉ ውሸት ይታወቃላ። ሦስት ቦታ ላይ ግን መርዝ ጨመርኩ። ዘጠኙን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሰባት አደረግኳቸው። ሴናተር የሚመረጠው ለስድስት ዓመት ነው፤ አራት አልኩት። ፕሬዚዳንቱም ምክትሉም ቢሞቱ ማን ይተካል የሚለውን ደግሞ ከአፈ ጉባኤው ነጥቄ ለዋናው ዳኛ ሰጠሁት። እነዚህን ሦስቱን ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግሜ አስጠናሁት።

«ስንት ዳኛ?»

«ሰባት።»

«ጎበዝ! ሴናተርስ?»

«አራት ዓመት።»

«እርስዎ እኮ ድንቅ ነዎት!»

በሕይወቴ እንደዚያ ጣፍጦኝ ያስተማርኩት ሰው የለም።

ከዚያ ምርጫው መጣ። የምርጫው ማግስት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሬዲዮው የአዲሱን ገቨርነር ስም ሲናገር እኔ የመጀመሪያውን መንገደኛ እየጠበቅሁ ነበር። ደብተሩን ከመቀመጫው ሥር አወጣሁና የድሮውን ስም ሰርዤ አዲሱን ጻፍኩ። ለብርክቲም ወዲያው ደወልኩ።

«ገቨርነሩ ተቀይሯል፤ ለሁሉም ንገሪ!»

«ዛሬውኑ?»

«ሬዲዮ ተናገረ እኮ! ሬዲዮ ከተናገረ በኋላ የድሮውን ስም የጠራ ሰው ምን እንደሚደርስበት እኔን ጠይቂኝ።»

እኛ ባደግንበት አገር ነገሩ እንዲያ ነበር። አዲሱ ሰው በሬዲዮ ሲነገር አሮጌው ወይ ታስሯል ወይ ተቀብሯል። ማታ ወንበሩ ላይ የነበረ ሰው ጠዋት ስሙም አይነሳም። እኔ ደግሞ በዚህ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

ለገበየሁ ያዘጋጀሁት ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት የጠበቅሁት ዕድል ነበር፦ እኔ በወደቅሁባት በዚያችው ጥያቄ እሱን መጣል። የተሻረ ሰው ስም አስጠርቼ።

«አዲስ ሰው ተመረጠ አሉ እኮ፤ ልጅቷ ቴሌቪዥን ላይ ስታይ ሰማሁ» አለኝ በዚያው ቅዳሜ።

«ያንን ተዉት፣ አቶ ገበየሁ። ገቨርነር ማን ነው ብለው ሲጠይቁዎት የድሮውን ነው የሚሉት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በኔ ይሁን።»

በዚያው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ብርክቲ እጄን ይዛ ማመልከቻዬን በግድ አስልካኝ ስለነበር የኔም ደብዳቤ ደረሰ። ሁለታችንም የተጠራነው ለአንድ ሐሙስ ነው፤ እሱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ እኔ አራት ሰዓት። ከላይ የመጣ ምልክት መሰለኝ። እግዜር እንዲህ ባለ ሥራ ውስጥ እንደማይገባ ማሰብ ነበረብኝ።

ሐሙስ ጠዋት በረዶ ጥሎ ነበር። ታወር ሮድ ላይ መኪናው ሁሉ እንደ ዔሊ ይሳባል። ገበየሁ ሱፍ ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ፈራሁ» አለኝ።

«እርስዎም ይፈራሉ?» አልኩት። ማንነቴን አላወቀም ብዬ ነው።

«እኔ እኮ ስንቱን ስፈትን ኖሬ፣ ራሴ ስፈተን ይኸው ከትምህርት ቤት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።» ክራቫቱን ላላ አደረገ። «ለሚስቴ ካፖርት ገዝቻለሁ። ወፍራም ነው፤ ብርዱን አታውቀውም።»

እዚያ ላይ አፌን ከፈትኩ። እመኑኝ፣ ልናገር ነበር። ሰባት አይደለም፣ ዘጠኝ ነው ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው ግን፦

«ስንት ቁጥር ነው የምትለብሰው?» የሚል ነው።

መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሦስት ተኩል ላይ ስሙ ተጠራ። ተነስቶ ክራቫቱን አስተካከለና ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ገባ። እኔ የተዘጋውን በር እያየሁ በልቤ አብሬው ተፈተንኩ። አሁን ሰባት አለ። አሁን አራት አለ። አሁን የተሻረውን ሰው ስም ጠራ። ፈታኙም ሳቀና «አንተ የት ነበርክ?» አለው። ይህችን ከራሴ ጨምሬ ነው።

ገና በዚህ ስደሰት ስሜ ተጠራ።

ፈታኟ መነጽር ያደረገች፣ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። አስማለችኝ፤ ተቀመጥኩ። ሱፌ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እኔ አልነበርኩም፤ ያ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነው፣ ከሌሊት ጀምሮ የተሰለፈው።

«ባንዲራው ላይ ስንት መስመር አለ?» ብላ ጀመረች። አሥራ ሦስት አልኩ። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም መለስኩ። ከዚያ፦

«በጠቅላይ ፍርድ ቤት ስንት ዳኞች አሉ?»

«ሰባት» አለ አፌ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አፌ ነው! ስድስት ሳምንት ሙሉ ሰባት፣ ሰባት፣ ጎበዝ ስል የከረምኩት አፍ። ልመልሰው ስል ወደሚቀጥለው አለፈች። ሴናተር ለስንት ዓመት? «አራት።» ሁለቱም ቢሞቱ ማን ይተካል? «ዋናው ዳኛ።» ለገበየሁ የቀመምኩትን መርዝ በማንኪያ በማንኪያ ራሴ ዋጥኩት። የነጻነት መግለጫውን ማን እንደጻፈው ስትጠይቀኝ፣ ለስንቱ ያስጠናሁት ስም ጭራሽ ጠፋኝ። ቀጥሎ የመጡትን ሁለት እንደ ምንም መለስኩ። ሴትዮዋ ወረቀቷን አየች።

«ዘጠኝ ጠይቄዎታለሁ። አምስቱን መልሰዋል። ለማለፍ ስድስት ያስፈልጋል። የመጨረሻዋ ጥያቄ ይቺ ናት፣ ይረጋጉ። የኮሎራዶ ገቨርነር ማን ነው?»

እግዜር ይመስገን አልኩ! ልታሳልፈኝ ፈልጋ እንጂ ይቺማ የኔ ናት። ደረቴን ነፍቼ፣ አዲሱን ስም ከነአባቱ ተናገርኩ።

ቅር አላት።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ። እሳቸው ተመርጠዋል እንጂ ገና ሥራ አልጀመሩም። ቃለ መሐላ የሚፈጽሙት በሚቀጥለው ወር፣ በጃንዋሪ ነው። አሁን ገቨርነሩ የቀድሞው ናቸው።»

«ሬዲዮ እኮ ተናግሯል!» አልኩ፣ ድምፄ ከፍ ብሎ።

«አዎ፣ መመረጣቸውን።»

«ታዲያ የድሮው አሁን የት ነው ያለው?»

«ቢሮአቸው ውስጥ።»

«ቁጭ ብሎ?»

«ቁጭ ብለው» አለች፤ ሳቋን ይዛው ይመስለኛል። «ሁለት ወር አይሞላም እኮ።»

ያኔ የሄደውን ሰው አልሄደም ብዬ ወደቅሁ፤ አሁን ያልሄደውን ሄደ ብዬ ወደቅሁ። በየትኛውም አገር ሰዓቴ ልክ አልሆነም።

ስወጣ ገበየሁ ወንበሩ ላይ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። አይቶኝ ተነሳና አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ በአዳራሹ ያለ ሰው ሁሉ እያየ ጉንጬን ሳመኝ።

«አለፍኩ! ገቨርነሩንም ጠየቁኝ። የድሮውን አልኩ፤ ትክክል ነው አሉኝ! አንተ ባትኖር አዲሱን ብዬ ወድቄ ነበር። አንተስ?»

«እኔን በሌላ ቀን እንድመጣ ነግረውኛል።»

«ለምን?»

«ደግመው ሊያዩኝ ፈልገው።»

ቅዳሜ ብርክቲ ጋ ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። ገበየሁ ካባ እንደተሸለመ ሰው ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቷል፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሚፈተኑት አምስቱ ቆመዋል። ከአምስቱ አንዷ ብርክቲ ናት፤ ሰኞ ነው ቀኗ። ደብተሬ እጇ ላይ ነው።

«ጋሽ ተሰማ» አለች፣ በዝግታ። ብርክቲ በዝግታ ስትናገር ነው የሚፈራው። «እዚህ ላይ በገዛ እጅህ አዲሱን ስም ጽፈሃል። ለኔም ደውለህ አዲሱን ነው ያልከኝ። ለአቶ ገበየሁ ደግሞ የድሮውን። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ትክክለኛውን ለሳቸው፣ ስህተቱን ለኛ?»

«እንደሱ አይደለም...»

«ታዲያ እንዴት ነው? መኪና ለሳቸው፣ ለብቻ ጥናት ለሳቸው፣ እውነቱም ለሳቸው! እኛስ ምን በደልንህ? ሰኞ ሄጄ ብወድቅስ?»

አንዱ ከኋላ፦ «የድሮ ባለሥልጣን ስለሆኑ ነው፤ ማሽቃበጥ ነው» አለ።

ይህችን ልቋቋማት አልቻልኩም። አንባቢዎቼ ፍረዱኝ፦ ሠላሳ ዓመት የጠላሁትን ሰው አሽቃባጭ ተብዬ ልሙት? ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ ወይ የገበየሁ ሎሌ ተብዬ ዝም ማለት፣ ወይ ሊያጠፋው የተነሳ ክፉ ሰው መሆኔን መናገር። ክፋቱን መረጥኩ። ትዕቢት ደግ ሥራም ያሠራል አንዳንዴ።

«ልጥላቸው ነው የነገርኳቸው!» ብዬ ጮህኩ። «የድሮው ስህተት መስሎኝ! ሰባት ዳኛ ያልኳቸውም እኔ ነኝ፣ አራት ዓመት ያልኳቸውም እኔ ነኝ! ባንክ ቤት፣ በአንድ ሰዓት ዜና ምክንያት፣ ንቃት የለውም ብለው የጣሉኝ ልጅ እኔ ነኝ!» ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሰልፉን፣ ቀዩን እስክሪብቶ፣ ጽጌን።

ሁላችንም ወደ ገበየሁ ዞርን። ባርኔጣውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ባንክ ነው እንዴ?» አለ፣ በረጅሙ ተንፍሶ። «እኔ ቀበሌው መስሎኝ ነበር።»

«ምን?» አልኩ።

«እየዋሸኸኝ እንደነበር አውቅ ነበር፣ ተሰማ። በሁለተኛው ቅዳሜ ነው የነቃሁት። የእህቴ ልጅ መልሶቹን አንድ በአንድ አየችልኝ፤ ሦስቱን አረመች። ከምርጫው በኋላ የገቨርነሩን ስታይ ግን ‹ይቺ ልክ ናት፣ እስከ ጃንዋሪ የድሮው ነው› አለች። ይሄኛውን መዋሸት እንዴት ረሳ ብዬ ገርሞኝ ነበር።»

አያችሁ? በውሸትም ፈትኖ ጥሎኛል።

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?» አለች ብርክቲ።

«ምን ልበል? ይህ ሰው ያለ ምክንያት አይዋሸኝም። እኔ አገር ቤት ስንት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ መሰላችሁ። ባንክ፣ ቀበሌ፣ የጥናት ክበብ። ዴንቨር ከገባሁ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ ሱቅ ውስጥ በዕድሜ የገፋ አበሻ ባየሁ ቁጥር፣ ይሄኛው ደግሞ ከየትኛው ነው እያልኩ ነው የምኖረው። ስለዚህ ከቤት አልወጣም። አንተ ስትመጣ ግን...» ወደኔ ዞረ። «ውሸትም ቢሆን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣልኝ ሰው ነበር።»

ብርክቲ ደብተሩን ገልጣ፣ የጻፍኩትን ሰርዛ፣ የድሮውን ገቨርነር ስም መልሳ ጻፈች። ከዚያ ደብተሩን ለኔ ሳይሆን ለገበየሁ ሰጠችው።

«ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ይያዙት። ይሄኛው ሰውዬ ጋ ደኅና አይደለም።»

ብርክቲም አራቱም በሚቀጥለው ሳምንት አለፉ። እኔ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አዲሱ ገቨርነር ወንበሩ ላይ በሚገባ ከተደላደለ በኋላ ተጠርቼ አለፍኩ። ያስጠናኝ ማን እንደሆነ አትጠይቁኝ። መኪናዬ ውስጥ፣ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሳይስቅ ነው የሚጠይቀኝ። አንዴ ስሳሳት ቀይ እስክሪብቶ ከኪሱ ሊያወጣ ሲል እጁን ይዤ አስቀርቼዋለሁ።

ሚስቱ ከዓመት ከምናምን በኋላ መጣች። ከኤርፖርት ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ። ካፖርቱ ሰፍቷት ነበር። መኪናው ውስጥ ከኋላ ሆና ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ አለችና፦ «መምህሩ እርስዎ ነዎት? በስልክ ሁልጊዜ የርስዎን ነገር ነው የሚያወራኝ» አለችኝ። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

አሁን ቂም ይዛችሁ የምትኖሩ፣ እኔን የመሰላችሁ አንባቢዎች፣ ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ጻድቅ ሆንኩ አልላችሁም። ሰውን በውሸት ልጥል ያለ ሰው አስቀድሞ እውነቱን ጠንቅቆ ይወቅ፤ ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛውን ስናገር አትቀየሙኝ። ያን ቅዳሜ ገበየሁ «ይሄኛው ከየትኛው ነው እያልኩ ነው የምኖረው» ሲል ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ በጣም ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት እሱ ተደላድሎ የሚኖር ይመስለኝ ነበር። እኔ አንድ ሰው ስጠላ፣ እሱ ለካ ሰው ሁሉ ሲፈራ ኖሯል። ቤቴ ገብቼ ደስታዬን ላጣጥመው ስል ግን አልሆነልኝም። ለብቻው ተቀምጦ የሚፈራ ሽማግሌ ፊቴ ላይ ድቅን ይልብኛል። የተበቀልኩት መቼ እንደሆነ ሳላውቅ በቀሌ አለፈ፤ እኔ ሳልገኝበት።

ይቅርታ ግን አላደረግኩለትም። ይህ ሰዎችን አይገባቸውም፤ ብርክቲም ትቆጣኛለች። ገበየሁ ዘንድሮ ሰማንያን አልፏል፣ መስማትም ያስቸግረዋል። በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ይደውልልኛል።

«ተሰማ፣ ዘንድሮስ ይቅር አልከኝ?»

«ገና ነኝ፣ አቶ ገበየሁ።»

«ብሞትስ?»

«አይሞቱም። እኔን ሳያስፈቅዱ ምን ሲደረግ!»

ዘንድሮም ደወለ። እንደ ልማዳችን ጠየቀኝ፣ እንደ ልማዴ ገና ነኝ አልኩት። ስልኩን ግን አልዘጋውም።

«ምን ያህል ይቀርሃል?» አለኝ።

«ብዙ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት ልምጣ?»

«ና» አለኝ። «በር ላይ እጠብቅሃለሁ።»